እናቴን ቤት ላስቀምጣት ወይስ ልልቀቃት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምዱን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የ47 ዓመት ሴት ነኝ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴ፣ ከ16 ዓመት ልጄና ከእናቴ ጋር እኖራለሁ። እናቴ 72 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው።

ባለፈው ጥር ቡና ልታፈላ በርጩማ ላይ ስትቀመጥ በርጩማው ተንሸራተተባትና በግራ እጇ መሬቱን ተደግፋ ወደቀች። ከፍ ካለ ቦታ አልወደቀችም፣ መኪናም አልገጫትም፤ የእጇ አንጓ ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰድናት፣ ራጅ ተነሳች፣ ጀሶ ታሰረላትና ከስድስት ሳምንት በኋላ ተፈታ። «ድኗል፣ እያንቀሳቀሱ ያለማምዱት» ተብለን ተመለስን። ከዚያ በላይ የጠየቀን ሰው የለም።

እኔን የጨነቀኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ለጥምቀት ያሰፋሁላት የሐበሻ ቀሚስ ያኔ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ነበር የሚያርፈው። ዘንድሮ ስትለብሰው ጫፉ መሬት ጠረገ። ጀርባዋም ጎበጥ ብሏል፤ ከወገቧ ከፍ ብሎ ያማታል። ወንድሜ «ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ፣ በቅቤ አሽቶ ያቃናታል» ይላል። እሷ ደግሞ «እርጅና ነው ልጄ፣ መድኃኒት የለውም» ትለኛለች።

እንዳትወድቅብኝ ብዬ ብቻዋን እንዳትወጣ ከለከልኳት። ልደታ ማርያምን ሳትሳለም የማትውል ሰው አሁን ቀኑን ሙሉ የሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ባለፈው በማርያም ቀን አልሰማም ብላ ነጠላዋን ስታጣፋ አየሁና በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ወደ ሥራ ሄድኩ። ማታ ስመለስ «እስረኛ አደረግሽኝ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቅጡ አታናግረኝም።

ጾም አታስቀርም። በፍስክም ቢሆን ወተት ብዙ አትወድም። አስም ስላለባት ሲነሳባት የምትውጣቸው ትናንሽ ነጭ ክኒኖች አሏት። ስለ ራሴም እሰጋለሁ፤ የወር አበባዬ የቆመው በ44 ዓመቴ ነው። ልጄ ደግሞ እንዳልወፍር እያለች ቁርስ ትታለች። እናቴን ባየሁ ቁጥር የራሴን ነገ የማይ ይመስለኛል። ቤት ላስቀምጣት ወይስ ልልቀቃት?

ስሜ ይቆይ፣ ከልደታ

መልስ፦

እህቴ፣ በሩን ክፈቺላቸው። ይህን ያስቀደምኩት ሌላውን አንብበሽ እስክትጨርሺ እንዳይቆይ ብዬ ነው። ቁልፉን ይዘሽ የሄድሽው ከፍቅርና ከጭንቀት እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የእናትሽም ልብ ያውቀዋል። ነገር ግን አስም ያለባቸው የ72 ዓመት እናት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቆልፎባቸው ሳለ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፣ ወይም የቡናው ከሰል እሳት ቢያስነሳ፣ ማን ይደርስላቸዋል? ከውድቀት የሚብስ አደጋ ነው አብሯቸው የተቆለፈው።

ፍርሃትሽ ግን ከንቱ አይደለም። ከእጅ አንጓ ስብራት በኋላ ዋናው የሚያሰጋው የዳሌ ስብራት ነው። በዕድሜ ከገፉ በኋላ ዳሌያቸው ከተሰበረባቸው ሰዎች ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው መራመድ አይችሉም፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ከአምስቱ አንዱ ያህሉ ያርፋሉ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። የፈራሽው ነገር እውነተኛ ስለሆነ፣ ጉልበትሽን በሚጠቅመው ቦታ እንድታውዪው ብዬ ነው። ቤት ማስቀመጥ አይጠቅምም። አጥንት ክብደት ሲያርፍበትና ጡንቻ ሲጎትተው ራሱን ያጠነክራል፤ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ክብደት በማይሰማበት ሕዋ ውስጥ የሚቆዩ ጠፈርተኞች፣ ያውም ጤነኛና ጎልማሳ ሆነው፣ ከዳሌ አጥንታቸው በየወሩ 1 በመቶ ያህል ያጣሉ። መስኮት ሥር የተቀመጡ እናት ጡንቻቸውም አብሮ ይሟሽሻል፣ ሚዛን መጠበቅም ያቅታቸዋል። ከወራት በኋላ ሲነሱ የመውደቅ ዕድላቸው ከበፊቱ ብሶ ይገኛል።

አሁን ወደዚያ በርጩማ እንመለስ፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጤነኛ አጥንት ብዙ ጊዜ ከበርጩማ ከፍታ ወድቆ አይሰበርም። ከቁመት ወይም ከዚያ ዝቅ ካለ ከፍታ በመውደቅ የሚመጣ ስብራት፣ በተለይ ከ50 ዓመት በላይ በሆነ ሰው ላይ፣ ሐኪሞች የአጥንት መሳሳት ወይም ኦስቲዮፖሮሲስ ብለው የሚጠሩት ሕመም ዋና ምልክት ነው። አንዴ እንዲህ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጀሶው ሲፈታ ጉዳዩ አላለቀም፤ እጁ ዳነ እንጂ አጥንታቸው ገና አልታየም። ያኔ ማንም አለመጠየቁ ያሳዝናል፤ ግን አልረፈደም።

የአጥንት ውስጥ ዓይን እንዳወጣ እንጀራ ነው፤ ቀዳዳዎችና በመካከላቸው ስስ ግድግዳዎች አሉት። ሰውነታችን አሮጌውን አጥንት እያፈረሰ አዲስ ይሠራል፤ ይህ ዕድሜ ልክ አይቋረጥም። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ይበልጣል። ከዚያ ሚዛኑ ቀስ እያለ ወደ ማፍረሱ ያዘነብላል። ሴት ልጅ ስታርጥ ደግሞ አጥንቷን ይጠብቅላት የነበረው ኤስትሮጂን የተባለ ሆርሞን ስለሚወርድ፣ ካረጠች በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ የአጥንት ጥግግት ልታጣ ትችላለች። ዓይኑ እየሰፋ ግድግዳው እየሳሳ ይሄዳል፤ አንዳንዱም ይበጠሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ምንም ሕመም የለውም። በዓለም ላይ ከ50 ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶችም አንዱ በዚህ ምክንያት በሕይወት ዘመናቸው ስብራት ያጋጥማቸዋል። ወንድምሽም ይህችን ቢያነብ ደስ ይለኛል።

ያ የሐበሻ ቀሚስ ያሳየሽ ነገር ቀላል አይደለም። ቀሚስ አይረዝምም፤ ያጠሩት እናትሽ ናቸው። የአከርካሪ አጥንቶች ሲሳሱ አንዳንዶቹ በራሳቸው ይደፈጠጣሉ። ጎንበስ ብሎ ጄሪካን ማንሳት፣ ማስነጠስ እንኳ ይበቃል። ከእነዚህ የአከርካሪ ስብራቶች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሳይታወቁ ያልፋሉ፤ «ወገቤን ብርድ መታኝ» እየተባለ ይታለፋል። ሰው ከወጣትነት ቁመቱ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ካጠረ የአከርካሪ ራጅ መነሳት አለበት። የጀርባው መጉበጥና ከወገብ በላይ ያለው ሕመም ሲጨመርበት የእናትሽ ነገር ቀጠሮ እየተራዘመለት የሚቆይ አይደለም።

ለዚህም ነው ወጌሻውን ለአሁን ተዉት የምለው። ወጌሻዎችን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ ያየ ሰው ለምን እንደሚያምናቸው ይገባኛል። ነገር ግን የተደፈጠጠ አከርካሪ በማሸት አይቃናም። በሳሳ አጥንት ላይ የሚያርፍ ጠንካራ እጅ ስብራቱን ሊያብሰው፣ የጎድን አጥንትም ሊሰብር ይችላል። ወንድምሽን «ወጌሻ አትጥራ» ብትዪው ነገሩ እልህ ይሆናል። ይልቅ «መጀመሪያ ራጁን እንይ፣ አንተ ውሰዳት» በዪው። መርዳት የፈለገ ሰው ነውና የሚሠራው ሥራ ስጪው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፋችሁ ወደ ሆስፒታል የአጥንት ወይም የውስጥ ደዌ ክፍል መግባት ትችላላችሁ። ባለፈው ጥር የተነሱትን ራጅ ያዙ። የአከርካሪ ራጅ እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ነው። አያምም፤ ተኝተው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ጨረሩም ከተለመደው ራጅ ያነሰ ነው። መሣሪያው በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ጥቂት ተቋማት ነውና የት እንዳለ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ከመሄዳችሁ በፊትም መሥራቱንና ዋጋውን ስልክ ደውለሽ አረጋግጪ። ውጤቱ ቲ ስኮር በሚባል ቁጥር ይጻፋል። ከ -1 በላይ ከሆነ ደህና ነው፤ በ -1 እና በ -2.5 መካከል መሳሳት መጀመሩን ያሳያል፤ -2.5 እና ከዚያ በታች ኦስቲዮፖሮሲስ ይባላል። ዴክሳ ባይገኝ ወይም ገንዘቡ ባይደርስ ግን ሕክምናው ይቅር ማለት አይደለም። በቀላል ውድቀት የመጣ ስብራትና የተደፈጠጠ አከርካሪ ካሉ ሐኪሙ በዚያ ብቻ መድኃኒት ሊጀምርላቸው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ። ጀርባ የሚያም ሁሉ የአጥንት መሳሳት አይደለም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ አለ፤ አንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችም አጥንትን ያሳሳሉ። እናትሽ ሌሊት ያልባቸዋል? ያተኩሳቸዋል? ከስተዋል? ሕመሙ ሌሊት ተኝተው ይብስባቸዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።

እነዚያን ትናንሽ ነጭ ክኒኖችም አልረሳኋቸውም። ሣጥኑ ላይ ምን ይላል? ፕሪድኒሶሎን ካለ፣ እሱ አስምን ቶሎ የሚያስታግስ ግን ለወራት ሲወሰድ አጥንትን ክፉኛ የሚያሳሳ መድኃኒት ነው። ለሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ስለ አጥንቱ ሐኪም ማማከር አለበት። ይህን አንብበሽ ክኒኑን እንዳትነጥቂያቸው ግን እለምንሻለሁ። ቆይቶ የተወሰደ ፕሪድኒሶሎን በድንገት ሲቋረጥ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። የሚሳበው የአስም መድኃኒት በትክክል ከተወሰደ ክኒኑ ብዙ ጊዜ ላያስፈልግ ይችላልና፣ ይህንንም ጠይቂ። በፌስታል የሚያኖሯቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የደም ግፊትም ሆነ የጨጓራ፣ ይዘሽ ሂጂ።

«መድኃኒት የለውም» ያሉትን በተመለከተ እናትሽ ተሳስተዋል፤ ይህን በደስታ ነው የምጽፈው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው አሌንድሮኔት የሚባል ክኒን ነው፤ የተለመደው መጠን 70 ሚሊግራም ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይዋጣል። አጥንት የሚፈርስበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ የአከርካሪና የዳሌ ስብራትን ይከላከላል። አወሳሰዱ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጣል። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቡናም፣ ሻይም፣ ምግብም፣ ሌላ መድኃኒትም አይወሰድም፤ መተኛትም ክልክል ነው፣ ክኒኑ ጉሮሮ ውስጥ ከቆየ ያቆስላልና። ለሚጾሙና ለሚያስቀድሱ እናት ቅዳሜ ጠዋት የሚመች ቀን ይመስለኛል። ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም፤ ከቅዳሜ ሹር በስተቀር። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው ክኒኑ ላይስማማቸው ይችላል፤ ለጨጓራው በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ አማራጭ አለ፣ ኩላሊታቸው የታመመ ከሆነ ግን እሱም ላይስማማቸው ስለሚችል ሌላ አማራጭ ሐኪሙ ይመርጣል። መነቀል ያለበት ጥርስ ካላቸውም መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መናገር ጥሩ ነው።

ስለ ጾሙ ከእሳቸው ጋር አትጣዪ። ጾም ለእናትሽ ምን እንደሆነ አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። በእሳቸው ዕድሜ ያለች ሴት በቀን 1,200 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ይሰጣል። ወተት ካልወደዱ በፍስክ እርጎ ይሞክሩ። አይብ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። አሬራው ሲሞቅና አይቡ ሲለይ ብዙው ካልሲየም ከአጓቱ ጋር ይወርዳል። ስለዚህ አጓቱን የሚደፋ ቤት የሚፈልገውን እየደፋ ነው፤ ይጠጡት፣ ወይም ገንፎ ይሠራበት። በጾም ጎመን ታላቅ ነው። ቆስጣም አረንጓዴ ቢሆን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ሰውነት ብዙ አያገኝም፤ ለአጥንት ከሆነ ጎመን ይሻላል። ጤፍ ራሱ በ100 ግራም ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው፤ ከስንዴ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ሊጡ በእርሾ መቡካቱም ማዕድኑ በቀላሉ እንዲገኝ ይረዳል። ሰሊጥ ጨምሪበት። ሽሮና ምስር ደግሞ ለጡንቻ የሚሆነውን ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ጾመኛ አረጋውያን ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው እሱ ነው። ጨው ቀንሺ፤ ብዙ ጨው ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል። ቡናቸውን ግን አትንኪባቸው፤ ሁለት ሦስት ስኒ አጥንት አያፈርስም፣ ጎረቤት የሚሰበሰበውም በእሱ ነው።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ካልበቃ ሐኪሙ የካልሲየም ክኒን ያዛል። ራስሽ ከመድኃኒት ቤት ገዝተሽ አትጀምሪ፤ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የአሌንድሮኔቱንና የካልሲየሙን ክኒን በአንድ ሰዓት እንዳይውጡ፤ አንዱ ሌላውን ያሰናክላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስለ ጾም ከንስሐ አባቱ ጋር መመካከር የተለመደ ነው፤ አንቺ ሳትሆኚ እናትሽ ራሳቸው ይጠይቁ። ከልጅ ቁጣ ይልቅ የአባት ቃል ይቀላቸዋል።

ፀሐይዋን በተመለከተ፣ እናትሽ መስኮት ሥር የሚሞቁት ፀሐይ ለአጥንታቸው ምንም አያደርግም። ካልሲየምን ሰውነት እንዲቀበለው የሚያስችለውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ሆና የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ፀሐይ አልነፈገችንም። የሚነፍገን ቤት መዋል፣ መሸፋፈንና የክረምት ደመና ነው። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ ይልቅ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ፊታቸውንና ክንዳቸውን ገለጥ አድርገው ከቤት ውጭ ጥቂት ቢቀመጡ፣ ቢራመዱም የበለጠ፣ ከመስኮቱ ሥር ቀኑን ሙሉ ከመዋል ይሻላል። ሐኪሙ ካመነበት የቫይታሚን ዲ መጠናቸውን አስለክቶ ይሰጣቸዋል።

እንግዲህ በሩ ሲከፈት መንገዱ ይስተካከል። ከቤት ጀምሪ። ያ ቀሚስ ነገውኑ ይታጠፍ፤ መሬት የሚጠርግ ጫፍ ደረጃ ላይ ከሁሉ የከፋ ጠላፊ ነው። በርጩማው ይቅርና ቡና የሚያፈሉት መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ይሁን፤ ረከቦቱ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ቡናው አይጣላም። በቤት ውስጥ የሚጫሙት ነጠላ ጫማ ተረከዙ ላይ የሚይዝ፣ ሥሩ የማያንሸራትት ይሁን። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ውኃ ሲፈስ የሚይዙት ብረት ግድግዳው ላይ ይተከል። ሌሊት ሲነሱ መብራት ቢጠፋ በእጃቸው የምትሆን ባትሪ ከትራሳቸው ሥር ትኑር። የሕንፃው ደረጃ ሲታጠብ እስኪደርቅ እንዲጠብቁ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ተነጋገሪ፤ የታጠበበትን ሰዓት ማወቅ ብቻውን ብዙ ውድቀት ያድናል። ዓይናቸውንም አስመርምሪ። ሞራ ካለባቸው በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሳል፤ የመጨረሻውን ደረጃ የማያይ ሰው አጥንቱ ቢጠነክርም ይወድቃል።

ቤተ ክርስቲያኑ ይቀጥል። ምርኩዝ ቢይዙ፣ ቢቻል የጎማ ጫፍ ያለው፣ ለመጀመሪያ ሳምንታት ልጅሽ ወይም አንቺ አብራችኋቸው ብትሄዱ፣ ቀስ በቀስ ብቻቸውን ይለምዱታል። በቅርብ ዓመታት በመሐል ከተማው የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ለእሳቸው ዕድሜ ጥሩ ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ይጠንቀቁ። ስለ ስግደት እጅግ አሳስባለሁ። ደጋግሞ ወደ ፊት መጉበጥ ለተሰበረ አከርካሪ ጎጂ ስለሆነ፣ ራጁ እስኪታይ ድረስ ቆመው ይጸልዩ፤ ይህንንም የንስሐ አባታቸው ያውቁት። ጄሪካን አያንሱ፤ ከመሬት ዕቃ የሚያነሱ ከሆነ ወገባቸውን ሳያጎብጡ በጉልበታቸው ይውረዱ።

እቤት ውስጥ የሚሠሩት ቀላል እንቅስቃሴ አለ። ከግድግዳ ጋር ከተጠጋ ወንበር ላይ እጃቸውን ሳይደገፉ ቀስ ብለው ይነሱ፣ ቀስ ብለው ይቀመጡ፤ እስኪደክማቸው ሳይሆን እስኪሞቃቸው። የወጥ ቤቱን የዕቃ ማጠቢያ ጠርዝ ይዘው ተረከዛቸውን ከፍ ዝቅ ያድርጉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ካገኛችሁ ይበልጥ የሚስማማቸውን ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ ለእናትሽ እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? እኔ ብሆን በሐኪም ወረቀት አልጀምርም፤ በይቅርታ ነው የምጀምረው። «እማዬ፣ በሩን መቆለፌ ልክ አልነበረም» ካልሽ በኋላ ዝም በዪ። የሚሉሽን አድምጪ። ምናልባት እሳቸውም መውደቁን ይፈሩት ይሆናል፤ የወደቀ ሰው ያፍራል፣ ለልጁም አይናገርም። «ስትራመጂ ምኑ ላይ ነው የሚያስፈራሽ? ደረጃው ነው? መንገድ መሻገሩ ነው?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሳቸው የቱ ጋ ብረት መተከል እንዳለበት ይነግርሻል። ሐኪም ዘንድ መሄዱንም «ልደታ ማርያም በእግርሽ እንድትደርሺ ነው» ብትያቸው «አርጅተሻልና እንይሽ» ከማለት ይቀላቸዋል፤ እውነቱም ይኸው ነው።

የልጅሽ ነገር በንዝንዝ የሚፈታ አይመስለኝም። ሴት ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት ከሕይወት ዘመን አጥንቷ እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ገንብታ ትጨርሳለች፤ በእሷ ዕድሜ በቀን 1,300 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። ቀሪው ጊዜ አጭር ነው ማለት ነው። «ትወፍሪያለሽ፣ ትከሺያለሽ» የሚለውን ወሬ ትታችሁ ስለ አያቷ አጥንት ብታወሯት፣ አያቷን ስታጅብ አብራ ብትራመድ ይሻላል። የወር አበባዋ ቀርቶ ወይም ተዛብቶ እንደሆነ ግን በገርነት ጠይቂያት። ባለመብላት የወር አበባ ሲቋረጥ አጥንት በወጣትነት ይጎዳል፤ ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው አንቺ ነሽ፤ ደብዳቤሽም ውስጥ ራስሽን መጨረሻ ላይ ነው ያስቀመጥሽው። ከ45 ዓመት በፊት ማረጥ ቀደም ያለ ማረጥ ይባላል፤ አጥንት በፍጥነት የሚሳሳበት ጊዜም አንቺ አሁን ያለሽበት ነው። ይህ ማለት የእናትሽ ጀርባ ይጠብቅሻል ማለት አይደለም፤ እሳቸው በዚህ ዕድሜ ያላገኙትን አንቺ ልታገኚ ትችያለሽ። ቀድመው ላረጡ ሴቶች የተለየ ክልከላ ከሌለባቸው በቀር እስከ 50 ዓመት ገደማ የሆርሞን ሕክምና ይታሰባል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካለ ግን ሊከለከል ስለሚችል ውሳኔው ከሐኪም ጋር ነው። የእንቅርት ዕጢሽም ይመርመር፤ ከመጠን በላይ የሚሠራ እንቅርት አጥንትን ያሳሳል። ሥራሽ የመቀመጥ ከሆነ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂ፣ ደረጃውንም እንደ ጠላት አትዪው፤ ለአንቺ ዕድሜ ደረጃ መውጣት አጥንት የሚያጠነክር ሥራ ነው።

የእናትሽን ቀጠሮ ስታስይዢ በዚያው ሳምንት የማኅፀንና የጽንስ ሐኪም ዘንድ የራስሽንም አስይዢ። ስትገቢ የወር አበባሽ የቆመበትን ዕድሜ፣ እናትሽ በቀላል ውድቀት መሰበራቸውንና ቁመታቸው መቀነሱን ንገሪ፤ የአንቺም አጥንት መለካት ያስፈልገው እንደሆነ ጠይቂ።